የ1.50 ናኖሜትር ድንበር

ድንበር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወንዝ፣ ተራራ፣ የወሰን ድንጋይ ወይም የጉምሩክ ኬላ ነው። ሕግ የተማርን ሰዎች በዚህ ላይ የይርጋ ዘመንን፣ የዕድሜ ገደብንና የገንዘብ መጠንን እንጨምርበታለን፤ እነዚህም የተፈቀደው ከተከለከለው የሚለይባቸው መስመሮች ናቸውና። የኔዘርላንድስ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የወጪ ንግድ ደንብ ግን መስመሩን ያሰመረው በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ በማይታይ ስፍራ ላይ ነው። መስመሩ 1.50 ናኖሜትር ይባላል።

አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። 1.50 ናኖሜትር እንግዲህ ስድስት ወይም ሰባት የሲሊከን አተሞች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙት ቦታ ነው። በዚህች ርቀት ምክንያት የዓለማችን ሁለት ግዙፍ ኢኮኖሚዎች ተፋጠዋል፣ አንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር በመካከላቸው ተጨንቃለች፣ አስቀድመው የተሰጡ የሽያጭ ፈቃዶችም እ.ኤ.አ. በ2024 መባቻ ላይ በከፊል ተሽረዋል።

በዛሬው ጽሑፌ የማቀርበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው። እንዲህ ያሉ መስመሮች የሚሰመሩት አደጋው በሚጀምርበት ቦታ ነው እየተባለ ይነገረናል። የደንቦቹን ታሪክ ተራ በተራ ስንመረምር የምናገኘው ግን ሌላ ነው። መስመሩ የሚሰመረው ለዕቃው ምትክ በሚጠፋበት ቦታ ነው። ይህን መረዳት ቺፕ ለሚሠሩት ብቻ ሳይሆን ቺፕም ሆነ ቺፕ መሥሪያ ለሌለን አገሮችም ትርጉም አለው።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

ቬልድሆቨን በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው ኤኤስኤምኤል የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ሲሆን፣ የኮምፒውተርና የስልክ ቺፖችን ንድፍ በብርሃን የሚያትሙ ማሽኖችን ይሠራል። አሠራሩ ከድሮው የፎቶ አጠባ ጋር ይቀራረባል። ንድፉ በስስ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ በብርሃን ይታተማል፣ በኬሚካል ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ከዚያም በላዩ ሌላ ንድፍ ይታተማል። አንድ ዘመናዊ ቺፕ እስኪጠናቀቅ ድረስ ይህ ሥራ በብዙ ደርዘን ጊዜ ይደጋገማል።

የጋዜጣ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ባለቀለም ፎቶ ሲታተም ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ቀለም የሚያርፉት በየተራ ነው። አንዱ ቀለም ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ የሰውየው ፊት ሁለት ጥላ ያወጣል። በቺፕ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ መዛነፍ ከደረሰ መስመሮቹ አይገናኙም፣ ቺፑም ይጣላል። ደንቡ ላይ የተጻፈው 1.50 ናኖሜትር የሚለካው ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ አንዱን ንድፍ በሌላው ላይ ሲያሳርፍ ሊያሳየው የሚችለውን ከፍተኛ መዛነፍ። መዛነፉ 1.50 ወይም ከዚያ በታች የሆነ የተወሰነ ዓይነት ማሽን ከአገር የሚወጣው በመንግሥት ፈቃድ ነው።

ሕግ አውጪው ከማሽኑ ብዙ ባሕርያት መካከል ይህን ለምን መረጠ? መልሱ ሁለት ዓይነት ማሽኖች ስላሉ ነው። በጣም የረቀቀው ማሽን የሚጠቀመው 13.5 ናኖሜትር ሞገድ ያለውን ብርሃን ነው። ይህን የሚሠራው በዓለም ላይ ኤኤስኤምኤል ብቻ ሲሆን፣ አንዱ ከ150 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣል፤ ወደ ቻይና ግን አንድም ተልኮ አያውቅም። ሁለተኛው 193 ናኖሜትር ብርሃን የሚጠቀመው ቀደም ያለው ዓይነት ነው። ይህኛው ብርሃኑ ሻካራ ቢሆንም አንድ ጥበብ አለው። አንዱን ንድፍ ከፋፍሎ፣ ሰሌዳውን በጥንቃቄ እያዛወረ፣ ደጋግሞ ማተም ይቻላል። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሜት 60 ፕሮ የተባለውን ስልክ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ባለሙያዎች ፈታተው ሲያዩት በውስጡ 7 ናኖሜትር በሚባለው የአሠራር ደረጃ ቻይና ውስጥ የተመረተ ቺፕ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ብርሃኑ ያረጀ ነው፤ አቀማመጡ ግን የረቀቀ ነው። ደንቡ አቀማመጡን የያዘው ለዚህ ነው።

የሚለጠጠው ድንጋይ

አንድን ዕቃ በናኖሜትር ልክ እንዴት ያንቀሳቅሱታል? ጥርሳም ጎማ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት አለው። ብሎን ይፋተጋል፣ ሲፋተግ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል። ለመኪና ጥገና የማይታሰቡ ስህተቶች እዚህ ሁሉንም ነገር ያበላሻሉ። መፍትሔው የተገኘው ከድንጋይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኪዩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ኳርትዝን የመሳሰሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ። በማግስቱ ዓመት ጋብርኤል ሊፕማን ተቃራኒውም መሆን እንዳለበት በስሌት አመለከተ፤ ወንድማማቾቹም ሞክረው አረጋገጡት። ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው መጠኑ ይለወጣል። ይህ ፒየዞኤሌክትሪክ የሚባለው ባሕርይ በቤታችን አለ። የጋዝ ምድጃ መለኮሻው “ቀጭ” ብሎ ብልጭታ የሚሰጠው በዚህ ነው፤ የእጅ ሰዓታችን ጊዜ የሚቆጥረውም በኳርትዝ ንዝረት ነው።

ለረቂቅ እንቅስቃሴ ዛሬ በብዛት የሚያገለግለው ግን የተፈጥሮ ድንጋይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የታወቀ፣ ከእርሳስ፣ ከዚርኮኒየምና ከታይታኒየም የተሠራ ሴራሚክ ነው። ስስ ቅጠሎቹ ተደራርበው አንድ ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ቢሠሩና መቶ ቮልት ያህል ቢሰጠው፣ ምሰሶው የቁመቱን አንድ ሺሕኛ ያህል፣ ማለትም 10 ማይክሮሜትር ገደማ ይለጠጣል። ሒሳቡን ወደ ታች ብናወርደው የአንድ ቮልት አንድ መቶኛ አንድ ናኖሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። ጥርስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ፍትጊያ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር ዙሪክ አጠገብ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ውስጥ አተሞችን ነጥሎ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ የሠሩት እንዲህ ባለ ሴራሚክ የመርፌ ጫፍ እያንቀሳቀሱ ነው። ለዚህም በ1986 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በ1989 ደግሞ የዚሁ ኩባንያ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ 35 የዜኖን አተሞችን አንድ በአንድ አንቀሳቅሰው የኩባንያውን ስም ጻፉባቸው።

ነገሩን ላለማጋነን አንድ ማስተካከያ ልጨምር። በቺፕ ማተሚያው ውስጥ ሰሌዳውን በፍጥነት የሚያመላልሱት በማግኔት ኃይል የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው። ፒየዞኤሌክትሪክ የሚያገለግለው ሌንሶችን በማስተካከልና ንዝረትን በመቆጣጠር በመሳሰሉት ረቂቅ ሥራዎች ነው። ሴራሚኩ ራሱም ፍጹም አይደለም፤ ቮልቱ ወጥቶ ሲወርድ በሄደበት መንገድ በትክክል አይመለስም፣ ልዩነቱም ከእንቅስቃሴው ከመቶ አሥር እጅ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጠገቡ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያና ስህተቱን ቶሎ ቶሎ የሚያርም ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ዋናው ሀብት ሴራሚኩ ሳይሆን ማንቀሳቀስን፣ መለካትንና ማረምን አንድ ላይ ያዋሐደው የብዙ ዓመታት ሙያ ነው። ሴራሚክ ከብዙ አገር ይገዛል። ይህን ሙያ የሚሸጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከቶሺባ እስከ ቬልድሆቨን

በረቂቅ እንቅስቃሴ ላይ የወጣ ክልከላ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ምዕራባውያን እ.ኤ.አ. በ1949 ኮኮም የተባለ ኮሚቴ አቋቁመው ለሶሻሊስቱ ጎራ የማይሸጡ ዕቃዎችን ዝርዝር ያወጡ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶሺባ ማሽን የተባለው የጃፓን ኩባንያ የኖርዌዩ ኮንግስበርግ መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸውን ትላልቅ ብረት መቁረጫ ማሽኖች ለሶቪየት ኅብረት ሸጠ። ማሽኖቹ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መቅዘፊያን ድምፅ እስኪቀንስ ድረስ አስተካክለው የሚቀርጹ ነበሩ። ጉዳዩ በ1987 ይፋ ሲወጣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በምክር ቤቱ ደጅ የቶሺባን ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ። በ1988 በወጣው የንግድ ሕግም በኩባንያው ላይ ማዕቀብ ተጣለበት።

ኮኮም በ1994 ፈረሰ፤ በ1996 የዋሴናር ስምምነት ተተካ። ይህ ስምምነት 42 አባል አገሮች ሲኖሩት ከአፍሪካ አባሏ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ቻይና አባል አይደለችም፤ ሩሲያ ግን አባል ናት። ውሳኔ የሚያልፈው በሙሉ ስምምነት ስለሆነ፣ ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ አዲስ ዕቃ በዝርዝሩ ላይ ማስገባት ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ መገመት አያቅትም። ስለዚህ አሜሪካ፣ ጃፓንና ኔዘርላንድስ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሕግ የየራሳቸውን ዝርዝር ወደ ማውጣት ሄዱ። የ1.50ው መስመር የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

የማን ሕግ?

ለሕግ ባለሙያ ይበልጥ የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2022 ሰፊ ክልከላ አውጥቶ ነበር። የሁዋዌ ስልክ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2023፣ ደንቡን ሲያጠብቅ ሌላ ቁጥር ጨመረ፤ 2.40 ናኖሜትር። መዛነፋቸው ከ1.50 በላይ ሆኖ ከ2.40 ያልበለጠ ማሽኖችም የረቀቁ ቺፖችን ወደሚያመርቱ የቻይና ፋብሪካዎች እንዳይሄዱ ተከለከሉ። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው፣ ሻጩ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነው፣ በኔዘርላንድስ ሕግም በወቅቱ አልተከለከሉም። ነገር ግን በውስጣቸው ከአሜሪካ የመጣ ክፍል ካለ፣ መጠኑ ምንም ያህል ያነሰ ቢሆን፣ የአሜሪካ ሕግ ይደርስባቸዋል ተባለ።

አንድ ሕግ ከአውጪው አገር ወሰን አልፎ ሲፈጸም የሕግ ትምህርት ጥብቅ ምክንያት ይጠይቃል። እዚህ ምክንያት የሆነው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ዕቃው በሄደበት ሁሉ ሕጉ አብሮት ይሄዳል።

የኔዘርላንድስ መንግሥት ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ 1970አይ እና 1980አይ የተባሉትን እነዚህኑ ማሽኖች በራሱ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ምክንያቱ የራሱ የደኅንነት ግምገማ እንደሆነ አስታወቀ። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ማመልከቻውን ዋሽንግተን በመላክ ፈንታ ለሄግ ያቀርባል። ፈቃድ ሰጪው ተለወጠ፤ ክልከላው ባለበት ቆየ። ሉዓላዊነት በወረቀት ላይ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ገበያውም የራሱን መልስ ሰጥቷል። መስመሩ እየጠበበ መምጣቱን ያዩ የቻይና ኩባንያዎች በሩ ሳይዘጋ ማሽን ገዝተው አከማቹ። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ከኤኤስኤምኤል የማሽን ሽያጭ ውስጥ 49 በመቶው ወደ ቻይና ነበር። ከዚህ በኋላ የመጣው ጥበቃ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ነው፤ ምንም እንኳ ለተሸጡት ማሽኖች የሚሰጠው የጥገና አገልግሎትም ሌላ የክርክር አጀንዳ ሆኖ ቢቀጥልም።

ሌላኛው ቁጥር

እስካሁን ያየነው ለዕቃው ምትክ ሲጠፋ ሕግ እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። በዚያው ሴራሚክ ላይ ግን ሕግ በተመሳሳይ ምክንያት የላላበት ታሪክም አለ።

የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ መርዛማ ነገሮችን የሚገድብ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 አውጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ መመሪያ መሠረት በአንድ ቁስ ውስጥ ያለው እርሳስ ከክብደቱ 0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ መሆኑን የሚከራከርበት የለም። ከላይ የገለጽኩት የፒየዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ደግሞ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው። ከገደቡ ስድስት መቶ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ሆኖም አልተከለከለም። በመመሪያው ዓባሪ ውስጥ በልዩ ሁኔታ ተፈቅዶለት፣ ፈቃዱም በየጊዜው እየታደሰ ዘልቋል።

ለምን? ከእርሳስ ነፃ የሆነ ሴራሚክ ለማግኘት ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ ምርምር ቢደረግም፣ በሁሉም አገልግሎቶች ላይ እኩል የሚሠራ ምትክ ባለመገኘቱ ነው። የሕክምና አልትራሳውንድ፣ የመኪና ነዳጅ መርጫና የቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ ያለ እሱ ይቸገራሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሕግ አውጪው አደጋውን እያወቀ መስመሩን ከፈተ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአንደኛው ምትክ የለኝም ያለው ራሱ ሕግ አውጪው ስለሆነ ሕጉ ላላ። በሁለተኛው ምትክ የሌለው ተፎካካሪው ስለሆነ ሕጉ ጠበቀ። በሁለቱም ላይ ሚዛኑን የደፋው የአደጋው መጠን አልነበረም።

የተቃራኒው ወገን ክርክር

ክልከላውን የሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ እንዳላቸው አልክድም። የረቀቁ ቺፖች ለሚሳይል፣ ለስለላና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያገለግላሉ። መንግሥት ነገ በራሱ ወታደር ላይ ሊዞር የሚችልን መሣሪያ ላለመሸጥ መብት አለው። የረቀቁት ማሽኖች አለመሄዳቸውም የቻይናን ቺፕ አምራቾች አዘግይቷል፣ ወጪያቸውንም አብዝቷል።

ይሁን እንጂ መመዘኛው አደጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የሚለወጠው አደጋው ሲለወጥ ነበር። 1.50 ወደ 2.40 የሰፋው ተፎካካሪው ባነሰ ማሽን የተሻለ ቺፕ መሥራቱ ስለታየ ነው። ዜጎችና ነጋዴዎች ከሕግ የሚጠብቁት ትልቁ ነገር ተገማችነት ነው። የሌላውን ችሎታ እየተከተለ የሚንቀሳቀስ መስመር ይህን ሊሰጥ አይችልም። ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የተፈረመ ውል ነገ በሌላ አገር መዝገብ ላይ በተጻፈ የአሥርዮሽ ነጥብ ይመክናል።

ዘዴው ደግሞ ይኮረጃል። ቻይና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2025 በብርቅዬ ማዕድናት ላይ ባወጣችው ደንብ፣ በሌላ አገር የተሠራ ዕቃም ቢሆን ከዋጋው 0.1 በመቶ የሚሆን የቻይና ማዕድን በውስጡ ካለ የቻይናን ፈቃድ እንዲጠይቅ አዘዘች። ከአሜሪካ ጋር በተደረሰ መግባባት ደንቡ በኖቬምበር 2025 ለአንድ ዓመት ታገደ። ትምህርቱ ግን ተሰጥቷል። ምትክ የሌለው ነገር በእጁ ያለ ሁሉ ሕጉን ከወሰኑ ውጭ መላክ ይችላል።

ለእኛስ?

“ይህ የባለጠጎች ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ቢያንስ በሁለት በኩል ያገባናል እላለሁ።

የመጀመሪያው ውል ነው። ሆስፒታሎቻችን፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ፋብሪካዎቻችን የረቀቁ መሣሪያዎችን የሚገዙት እነዚህን ዝርዝሮች ከሚያወጡት አገሮች ነው። ለአንዳንዱ ዕቃ ሻጩ የመጨረሻ ተጠቃሚውን ማንነት የሚገልጽ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። ፈቃዱ በመካከሉ ቢሻርስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን ፈጽሞ የሚከለክለው ነገር መሆኑን ይደነግጋል። ቁጥር 1793 ደግሞ ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ የመንግሥትን ክልከላ ይጠቅሳል። የውጭ መንግሥት ክልከላ በዚህ ውስጥ ይገባል? ከ2023 ወዲህ ዝርዝሮቹ በየዓመቱ ሲለወጡ እያየ “አላሰብኩትም” የሚል ሻጭስ ይሰማል? ቅድመ ክፍያው የማን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት በውሉ ውስጥ በግልጽ መመለስ አለባቸው። ለግዥ ኃላፊዎችና ለሕግ አማካሪዎች የምመክረው ከመፈረማቸው በፊት የወጪ ፈቃድን የሚመለከት አንድ አንቀጽ እንዲያስገቡ ነው። ፈቃድ የማውጣት ግዴታው የማን እንደሆነ፣ ሲሻር ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ መሣሪያው ከገባ በኋላ መለዋወጫና ጥገና ቢታገድ ምን እንደሚሆን ይጻፍ።

ሁለተኛው መለካት ነው። አገራችን የሥነ ልክን ሥራ የሚመራ ራሱን የቻለ ተቋም ያቋቋመችው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሲከፋፈል፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ተቋም በበጀት ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ጠበቃ የለውም፤ ሥራው አይታይምና። ነገር ግን ከላይ ያየነው ታሪክ በሙሉ የመለካት ታሪክ ነው። ኔዘርላንድስ በኃያላኑ መካከል ድምፅ ያገኘችው ከሌላው ይልቅ አስተካክላ ማስቀመጥና መለካት ስለቻለች ነው። እኛ ነገ ናኖሜትር ውስጥ እንግባ አልልም። የገዛነው መሣሪያ ሻጩ ያለውን ያህል የሚሠራ መሆኑን በራሳችን ቤተ ሙከራ ማረጋገጥ፣ የፋብሪካዎቻችንን ሚዛንና መለኪያ በአገር ውስጥ ማስተካከል፣ ወጣቶቻችንን በዚህ ሙያ ማሠልጠን ግን የአቅማችን ነገር ነው።

ምትክ የሌለው ችሎታ በአንድ ሌሊት አይገነባም። የኪዩሪ ወንድማማቾች ድንጋይ ከጨመቁበት ቀን እስከ ቬልድሆቨን ማሽን ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እስከዚያው ግን ሌሎች የሚያሰምሩትን መስመር ማንበብ፣ መረዳትና ውላችንን በዚያ መሠረት መጻፍ እንችላለን። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም።